አባትሽ አረፉ

እኔ ባደግኩባት በኤል ጋብ ሰው የሚሞተው በሶማልኛ ነበር፤ አውሮፕላን የሚያርፈው ደግሞ በአማርኛ። ይህን ቀድሞ ያልያዘ ሰው የምናገረው አይገባውምና ከዚሁ ልጀምር።

ኤል ጋብ ከሽንሌ ወዲያ ያለች፣ ከግመሎቿ ሰዎቿ የሚያንሱ መንደር ናት። አባቴ ደሬሳ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ እናቴ ቤዛ የትምህርት ቤቱ የአማርኛ መምህርት ነበሩ። ሁለቱም ከሌላ አገር ተመድበው መጡ፤ እዚያው ተዋወቁ፣ እዚያው ተጋቡ፣ እኔንም እዚያው ወለዱኝ። ከአጥር ወዲህ በአማርኛ፣ ከአጥር ወዲያ በሶማልኛ ነበር የምኖረው። ጎረቤት ሞተ ሲባል የሰማሁት ሁሉ በሶማልኛ ነው። አሥር ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ በአማርኛ የሞተ ሰው አላጋጠመኝም።

አውሮፕላን ግን ነበረን። ከመንደሩ ጫፍ ጠጠር የለበሰ የሕዝብ ሜዳ አለ። ክትባትና መድኃኒት፣ አንዳንዴም ባለሥልጣን የምታመጣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከድሬዳዋ እየመጣች ታርፍበታለች። በቀረው ጊዜ ሜዳው የፍየል ነው። ጫፉ ላይ ባለው ጉብታ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ብርቱካንማ ጨርቅ በረጅም እንጨት ተንጠልጥሏል፤ እኛ ልጆች «ባለ አንድ እግሩ ሱሪ» እንለዋለን። የስልክ ኔትወርክም የሚገኘው ከዚያ ሱሪ ሥር ብቻ ነበር።

የሜዳው ጠባቂ አዴር ባሬ ነው። አዴር ማለት በሶማልኛ አጎት ነው፤ የሁላችንም አጎት ነበር። ሥራው ፍየል ማባረር፣ ሱሪውን መስቀልና አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ድሬዳዋ ላሉት ሰዎች በአማርኛ ደውሎ ማሳወቅ ነው። ፍየሉንና ሱሪውን ይችልበታል። አማርኛውን ግን ከገበያ የለቃቀመው ስለሆነ ከላይ ወደ ታች የመጣ ነገር ሁሉ ለእሱ ያው ነበር፤ አንድ ቀን ደውሎ «አውሮፕላኑ ወደቀ» አላቸው። ድሬዳዋ አምቡላንስ ሊነሳ ሲል ፓይለቱ ስልኩን ከእጁ ነጥቆ «አለሁ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው» ማለት ነበረበት።

ባሬ ከዚያ በኋላ እናቴ ዘንድ ሊማር መጣ። እናቴ ስታስረዳ አመልካች ጣቷን ታነሳለች። «ወደቀ አይባልም። አረፈ ነው የሚባለው» አለችው። ባሬም ጣቱን አንስቶ ደገመው። ትልቅ ሰው ሲሆንስ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀ፤ ባለሥልጣን ማሰቡ ነበር። እናቴም ለትልቅ ሰው ክብር አለው፣ አረፉ ትላለህ አለችው። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስለነበር ቃሉን ከባሬ እኩል ተማርኩት። ከዚያ በፊት የማውቀው እናቴ ቀኑን ሙሉ «አርፈሽ ተቀመጪ» ስትለኝ ብቻ ነው። አውሮፕላን እኔ ያቃተኝን ነገር የምትችል ጨዋ ፍጥረት መሆኗን ያን ቀን ተረዳሁ።

አሁን ወደ አያቴ ልምጣ። የእናቴ አባት፣ አባባ ሀብተየስ፣ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ጡረተኛ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከእናቴ ጋር አይነጋገሩም። ከትልልቆቹ ወሬ እንደለቃቀምኩት ነገሩ የተበላሸው አባቴ ሽማግሌ ሳይልክ በመቅረቱ ነው። መንደራችን ሽማግሌ ሞልቶት ሳለ አንዱን መርጦ በመኪና መላክ ለምን እንዳቃተው አይገባኝም ነበር። ይህን ያህል ጊዜ መኳረፍስ ምን አመጣው፣ አሁንስ አይልክም ወይ እያልኩ አባቴን እታዘበው ነበር።

ዛሬ ሳስበው ጉዳዩ የሽማግሌ ብቻ አልነበረም። የሃይማኖትም ነበረበት። አባባ ግን ይህን አፍ አውጥተው መናገር የማይወዱ ሰው ስለነበሩ ሁሉንም በሽማግሌው አሳበቡት።

በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ የእናቴ ወንድም ተሜ በባሬ ስልክ ደውሎ አባባ መታመማቸውን ነገራት። ከዚያ ወዲያ እናቴ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ሱሪው ሥር ትሮጣለች፤ ስትመለስ ዓይኗ ያበጠ ነው። የፖሊሱ ሚስት ኬሪያ፣ የወሎ ልጅ፣ የእናቴ የልብ ወዳጅ ናት። አንድ ቀን እናቴ ስታጫውታት ሰማሁ። «ሳንታረቅ አንድ ነገር ቢመጣስ?» ትላለች። ኬሪያም «ክፉ አይምጣ በይ እንጂ!» ብላ ተቆጣቻት። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ነገሩን በሚገባ ተረዳሁ። ሊመጣ የሚችለው ክፉ አያቴ ናቸው፤ እናቴም የምታለቅሰው እንዳይመጡ ነው።

አባባ ግን ድነው ነበር። ሕመሙ ካስደነገጣቸው በኋላ ለተሜ ወደ ልጄ ውሰደኝ አሉት። በጭነት መኪና እንደ በግ አልጫንም ስላሉ፣ ድሬዳዋ መድኃኒት ማከማቻ የሚሠራው ተሜ ከካርቶኖቹ መሃል አንድ ወንበር አገኘላቸው። አንድ ነገር አስማሉት፤ ለቤዛ እንዳይነግራት። ሜዳው ድረስ መጥታ ከተቀበለቻቸው ይገባሉ፣ ካልመጣች ግን በዚያችው አውሮፕላን ይመለሳሉ፣ ዳግመኛም አይሞክሩትም። ይህን ሁሉ የሰማነው በኋላ ነው።

ያን ዕለት እናቴ ግቢ ውስጥ ፀጉሬን እያጠበችኝ ነበር። የአውሮፕላኗን ድምፅ ሰምተናል፤ ክትባት ነው ብለን ትተነዋል። አባቴም ክትባት ለመስጠት ራቅ ወዳለ መንደር ወጥቷል። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስነጫነጭ፣ እናቴም አርፈሽ ተቀመጪ ስትለኝ፣ ባሬ እያለከለከ ከበሩ ቆመ። ልብሱን አስተካከለ፣ ጣቱን አነሳ።

«መምህርት፣ አባትሽ አረፉ።»

እናቴ ከራሴ ላይ እጇን አነሳች። «ምን አልክ?»

ባሬ የሚያስደግሙት ተማሪ ነበርና ደስ ብሎት፣ ቃል በቃል ለያይቶ ደገመው። «አባትሽ። አረፉ።»

እናቴ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከእሷ አልሰማሁም። ጣሳው ተገለበጠ፣ እሷም ከጭቃው ላይ ተዘረጋች። ባሬ ሌላም የሚነግራት ነበረው፤ ሜዳ ላይ ይጠብቁሻል ሊላት ነበር፤ ማን ሰምቶት። አባት ከሩቅ ሲመጣ ሴት ልጅ በደስታ ማልቀሷ ለእሱ የሚገርም አልነበረም። ፓይለቱም ፍየሎቹን አንሳልኝ ብሎ አጣድፎታል። ፈገግ እንዳለ ተመልሶ ሮጠ።

ጩኸቱን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው ኬሪያ ናት። እናቴ «አባቴ!» ስትላት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን ትመታ ጀመር። ኬሪያ የማታውቀውን ሰው ከሚያውቁት በላይ ማልቀስ የምትችል ሴት ነበረች። ባለሱቋ ሂባቅ ሱቋን ዘግታ መጣች። መምህራኑ ክፍሉን በትነው፣ ተማሪዎቹን አግዳሚ ወንበር አሸክመው መጡ። ሁሉም ያለቅሳል።

እኔ ከነሳሙናዬ ቆሜ ነገሩን አሰላሁት። አረፉ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አያቴ ሜዳው ላይ ወርደዋል። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ከአውሮፕላን ስለወረዱ መንደር ሙሉ ሰው ደረቱን የሚመታ ከሆነ፣ እኚህ ሰው ምን ዓይነት ጉድ ቢሆኑ ነው? ኬሪያን፣ ፖሊስ የማትፈራዋን ኬሪያን እንኳ አስለቅሰዋታል። አባቴ የለም። ማንም ወደ ሜዳው የሚሄድ የለም። ፈርተው ነው ብዬ እኔ ሄድኩ።

አያቴ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከክንፉ ሥር ሻንጣቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ባሬ «በጣም ደስ አላት፤ ጮኸች፣ መሬት ላይ ወደቀች» ብሎ አብሥሯቸው ኖሮ መሐረባቸውን አውጥተው ይዘዋል። ዓይናቸው ከመንደሩ መንገድ ላይ አልተነቀለም። በዚያ መንገድ የመጣሁት እኔ ነኝ።

አባባ ሀብተየስ እርስዎ ነዎት ወይ አልኳቸው። ነኝ፣ አንቺስ ማነሽ አሉኝ። ስሜን ነገርኳቸው። ጉዳዬንም አልደበቅኩም።

«እባክዎ ይመለሱ» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉት። ማን ነው የላከሽ አሉ። ማንም አልላከኝም አልኩ፤ እናቴ ግን እርስዎ በመምጣትዎ መሬት ላይ ተዘርግታ እያለቀሰች ነው፣ ኬሪያም ታለቅሳለች፣ ሂባቅም ሱቋን ዘጋች አልኳቸው። አባባ ወደ ባሬ ዞሩ። ደስ አላት አላልክም ወይ አሉት። ባሬም ደስ ነው እንጂ አለ፣ ፍየል እያባረረ። ዕድሜ ልካቸውን ምስክር ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። ልጅ አይዋሽም አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው።

ተነሥተው ሻንጣውን ለፓይለቱ ሰጡት። ከመስጠታቸው በፊት ሁለት ጊዜ መሬት አስቀምጠውታል። ያኔ ሻንጣው ከብዷቸው መስሎኝ ነበር። ፓይለቱ ሻንጣውን አስገብቶ ሊዘጋ ሲል ፍየሎቹ በወዲያኛው ጫፍ ተመልሰው ገቡ፤ ባሬም እየተሳደበ ወደ እነሱ ሮጠ። ያን ቀን ቤተሰባችንን ያተረፉት እነዚያ ፍየሎች ናቸው፤ የማንም ይሁኑ የማን፣ እድሜ ይስጣቸው።

እስኪባረሩ አባባ ሥራ ፈተው ቆሙና ጭንቅላቴን አዩ። ሳሙናው ደርቆ ግንባሬ ላይ ተሰነጣጥቋል። በመሐረባቸው ይጠርጉልኝ ጀመር። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የተወሽ አሉኝ። እናቴ እያጠበችኝ ሳለ አዴር ባሬ መጥቶ ሲነግራት ጣለችኝ አልኳቸው።

«ምን ብሎ ነው የነገራት?»

«አባትሽ አረፉ።»

መሐረቡ ግንባሬ ላይ ቆመ። «እስቲ ድገሚው።»

እኔም ትምህርቱን አብሬ የተማርኩት ነኝና ጣቴን አንስቼ፣ ለያይቼ ደገምኩላቸው። «አባትሽ። አረፉ።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሳቸውም ሊያለቅሱ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። ክንፉን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በዚያው በሳሙናው መሐረብ ጠርገው ሳሙና አስገቡበትና እያነቡ እጄን ያዙኝ።

«ነይ እንሂድ፤ ለቅሶዬን ልድረስ» አሉኝ።

ቀልዱ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ያኔ የገባኝ መፍራቴ ቀርቶ እጃቸውን መያዜ ብቻ ነው።

አጥራችን ጋ ስንደርስ ግን አልገቡም። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኙኝና ከአጥሩ ጀርባ ቆመው ማዳመጥ ጀመሩ። ኬሪያ ሙሾ እያወጣች ነበር፦

«ዳኛው ሀብተየስ ከችሎት ሲመለስ፣
በቅሎው በብር ልጓም ከደጅ ስትደርስ።»

«ዳኛ ሆኜ አላውቅም» አሉ አባባ በሹክሹክታ። «በቅሎም የለኝም።» ትንሽ ቆዩና፣ ግን ትቀጥል አሉ። ኬሪያም ቀጠለችና የሌለ መሬታቸውን ለድሀ አከፋፈለች፣ የሌለ ጠመንጃቸውን አስተኮሰች። አባባ አንዱንም አላስተባበሉም፤ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ። እሷ ግጥም አታውቅም፤ የምታወራ ነው የምትመስለው። «አባዬ፣ አንተ እልኸኛ» ትላለች። «እኔም እልኸኛ። ዛሬ ነገ ስል። ግንባርህን ይዛ የተወለደች ልጅ አለችኝ። ባጠብኳት ቁጥር አንተን ነው የማጥበው። ሳታያት፣ አባዬ። ሳታያት።»

አባባ ዝቅ ብለው ግንባሬን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የእኔው ሰፊ ግንባር፣ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ያለ፣ እሳቸው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላስቻላቸውም። በሩን ገፍተው ገቡና ከአግዳሚዎቹ መሃል ቆሙ።

«አዎ፣ አርፌያለሁ» አሉ። «ውኃ አምጡልኝ።»

ኬሪያ አንዴ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ካፖርት የለበሰ እንግዳ ሽማግሌ አርፌያለሁ ሲል ሟቹ ተነሥተው መምጣታቸው ወዲያው ገባትና ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ሳህን ሲሰበር ሰማን። መምህራኑ አንዱ በሌላው ላይ ተደረቡ። ያልደነገጠችው ሂባቅ ብቻ ናት፤ ከአማርኛው የገባት ውኃ የሚለው ብቻ ነው፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ እንግዳ መስሏት ውኃውን ሰጠቻቸው።

እናቴ ግን አልተነሣችም። በጉልበቷ ሄዳ ጫማቸውን ነካች፤ ቀጥላ ቁርጭምጭሚታቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ አጥንት መኖሩን እንደምትመረምር።

«አባዬ?»

«አቤት።»

እሷ ጉልበታቸውን አቅፋ አለቀሰች፤ እሳቸውም እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ቆሙ፤ ውኃው በሌላው እጃቸው እየፈሰሰ። እኔ ግራ ገባኝ። የመጡትም ያው ሰው፣ ለቅሶውም ያው ለቅሶ ነው፤ ነገር ግን አሁን ሁሉም ይስቃል።

በዚህ መሃል ባሬ ሰው ሁሉ የት ገባ ብሎ መጣ። እናቴ እንደተንበረከከች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ እንዲህ በል ያለህ ማነው ብላ ጮኸችበት። ባሬ ጣቱን አነሳ።

«አንቺ ነሽ፣ መምህርት። ለትልቅ ሰው ክብር አለው ብለሽ።»

ያን ጊዜ አውሮፕላኗ በራሳችን ላይ አለፈች። አባባ ቀና ብለው አዩዋትና «ሻንጣዬ» አሉ። ፓይለቱ ሜዳው ከፍየል ሲጸዳለት ጠብቆ ሰለቸውና ሽማግሌው ሐሳባቸውን ቀይረዋል ብሎ ሄዷል፤ ልብሳቸው፣ መድኃኒታቸውና ለእናቴ ያመጡት ነጠላ ሁሉ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ።

አመሻሽ ላይ አባቴ ደረሰ። አማትህ ሞቱ ብለው መንገድ ላይ በሶማልኛ ስለነገሩት አቧራ እንደለበሰ፣ ለለቅሶ የሚሆን ፍየል እየጎተተ ነው የገባው። ሟቹ የእሱን ሽርጥ አገልድመው፣ እኔን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከበሩ ፊት ለፊት አገኛቸው። አባቴ ፍየሉን ለቀቀው። ሰላም ማለትም፣ ነፍስ ይማር ማለትም አቃተው፤ ለአንድ ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ብሎ አያውቅም። አባባ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሽማግሌ ሳትልክ ልጄን ወሰድክ» አሉት። «እኔም ሳላስፈቅድ ሽርጥህን ወሰድኩ። ተካክለናል።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ የሽርጡ አስተሳሰር ልክ አለመሆኑን አይቶ፣ እንዳይወድቅባቸው አድርጎ አሰረላቸው። ሻንጣው እስኪመለስ አባባ በዚያ ሽርጥ ሰነበቱ፤ ሻንጣው ከመጣም በኋላ አላወለቁትም። ደብረ ብርሃን ይዘውት ሄደው በዚያ ብርድ ቤት ውስጥ ይለብሱት እንደነበር ተሜ ነግሮኛል።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥር ላይ ይመጡ ነበር። ባሬ ግን ያንን ቃል ምሎ ተወው። ድሬዳዋ ሲደውል «አውሮፕላኑ ተቀመጠ» ይላል፤ እነሱም ለመዱት። የኤል ጋብ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም አሁን የምማርበት ጅግጅጋ መጥቼ አውሮፕላን ተቀመጠ ስል የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ነው ስህተት መሆኑን ያወቅኩት። አልተውኩትም።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት ቤት ነበርኩ። እናቴ ከበሩ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ፈተና ታርማለች። ባሬ ከሜዳው በኩል መጣ፤ ሲሮጥ አልነበረም። አሁን ሽምግልና ገብቶበታል። ኮፍያውን አውልቆ ከበሩ ቆመ። ጣቱን አላነሳም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፤ «ሞቱ» የሚለውን ቃል ሊጠቀምበት ፈልጎ እንዳልሆነለት አይቻለሁ።

«መምህርት፣ ተሜ ደውሎ ነበር» አለ። «አባትሽ አረፉ።»

እናቴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የት?» አለችው።

ባሬ ወደ መሬት አየ። «እቤታቸው፣ መምህርት።»

እናቴ አልጮኸችም። ተነሥታ ነጠላዋን፣ አባባ ያን ጊዜ ያመጡላትን፣ ተከናነበችና ወደ ሜዳው ሄደች። ተከተልኳት። ነፋስ አልነበረም፤ ሱሪው እንጨቱ ላይ ተኝቷል። ባሬ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ዱላውን ይዞ፣ አውሮፕላን እንደሚመጣ ሁሉ፣ ከዚያኛው ጫፍ እስከዚህኛው፣ ፍየሎቹን ከሜዳው ላይ ያስወጣላት ነበር።